ጭድ አያጨበጭብም፦ የሳክስፎን ተጫዋቹና የሙዚቃ መምህሩ አገኘሁ ፈንቴ የሕይወት ታሪክ (1946 – 2017 ዓ.ም.)

መምህር አገኘሁ ፈንቴ ከአባታቸው ከአቶ ፈንቴ አድማሱ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ይመኙሻል ደስታ ሚያዝያ 5 ቀን 1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ አዲስ ከተማ፣ ጭድ ተራ ተወለዱ። አባታቸው ከቢቸና መጥተው ጎጃም በረንዳ የእህል መጋዘን ኃላፊ ሆነው የሠሩ ሲሆን እናታቸው የመንዝ ሰው ነበሩ። ወ/ሮ ይመኙሻል በራሳቸው ስም መደብ ይዘው ለፍራሽ ሠሪዎች ጭድ ይሸጡ ነበር። መምህር አገኘሁ ለቤተሰቡ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ናቸው። ታላቅ እህታቸው ወ/ሮ ሸዋርካብሽ ፈንቴ ዛሬ እዚህ ከፊታችን ተቀምጠዋል።

ይህን የጻፍኩት የወ/ሮ ሸዋርካብሽ ልጅ አዲስዓለም ነኝ። የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሟች ሁሉ ከሰው ጋር ተግባቢ፣ ቤቱ በሰው የተሞላ ሆኖ ይቀርባል። ጋሼ አገኘሁ ግን ብቸኛ ሰው ነበሩ። ብቸኛ ያደረጋቸው ደግሞ ክፉ ሰው ሳይሆን የሚወዳቸው ሰው ነው። ከዘመድ ወገን “ይኸ ይቅር፣ ያም ይቅር፣ ለቀብር አይሆንም” ተብያለሁ። አልተውኩትም። እሳቸው በዕድሜያቸው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመኑን፤ ምንም ነገር እንዳንደብቃቸው። ያንን ልመና ጠብቀን እንደሆነና እንዳልሆነ በመጨረሻው ላይ እናገራለሁ።

መምህር አገኘሁ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከነበሩ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። በ1953 ዓ.ም. በሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት አባታቸው ስላረፉ እሳቸውንና እህታቸውን ያሳደጉት እናታቸው ብቻቸውን ነው። በ1958 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ የሰልፍ ባንድ ሲቋቋም ክላርኔት ያዙ። ክላርኔቱን መርጠውት አልነበረም። ከበሮውም ጥሩምባውም በትልልቆቹ ተማሪዎች ተወስዶ የተረፈው እሱ ብቻ ነበር።

ችግሩ የት ይነፋ የሚለው ሆነ። ግቢያቸው ውስጥ አሥራ አንድ አባወራ በስስ የጭቃ ግድግዳ ተለያይቶ ይኖር ነበር። ያን ያህል ቤተሰብ ባለበት ግቢ ሐዘን የሌለበት ወር ጥቂት ነው፤ ጎረቤት ሐዘን ላይ እያለ ደግሞ ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም። ስለዚህ ወ/ሮ ይመኙሻል ልጃቸውን ይዘው ወደ ደንበኛቸው ወደ ሀጂ ሀያቱ ሄዱ። ሀጂ ሀያቱ ከስልጤ የመጡ ነጋዴ ሲሆኑ ጣሪያው ድረስ ጭድ የሞላ መጋዘን ነበራቸው። “ይኸ ልጅ የሚነፋው ነገር አለ፤ ጎረቤቶቼ ደግሞ ሐዘን ላይ ናቸው” አሏቸው። ሀጂም “ጭዱ መሀል ገብቶ ይንፋ፤ ጭድ ድምፅ ይበላል” ብለው ቁልፉን ሰጡ። ጋሼ ሙዚቃን የተማሩት እዚያ ነው። ምንም ነገር በማይመለስበት፣ ከአፍ የወጣው ድምፅ እዚያው በሚቀርበት ጨለማ ክፍል፣ ብቻቸውን።

በ1963 ዓ.ም. በአሥራ ሰባት ዓመታቸው በአንድ የጦር ክፍል ኦርኬስትራ በክላርኔት ተጫዋችነት ተቀጠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሳክስፎን ተሸጋገሩ። አልቶውን በስድስት ወር፣ ቴነሩን በሦስት ወር ያዙ፤ ባሪቶኑና ሶፕራኖው ተከተሉ፣ ዋሽንት የሚያህለውን የፈረንጅ ፍሉትም ጨመሩ። ኖታ አንብቦ ያለ ልምምድ መጫወት ለእሳቸው ጋዜጣ እንደ ማንበብ ነበር። ጃዝን ያወቁት ከውጭ በሚመጡ ሸክላዎች ሲሆን ሸክላዎቹን የሚያመጡት የኦርኬስትራው ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ። እሳቸውም ከጎንደር የመጡት አቶ ዘመድኩን ዓለሙ ናቸው። ሁለቱ እኩያሞች ነበሩ። አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ሳህን ሽሮ ለሁለት በልተው፣ ስለ ሙዚቃ ሲከራከሩ ውለው ያድሩ ነበር። ስለ ዘመድኩን ብዙ እናገራለሁ፤ የጋሼን ሕይወት ያለ እሳቸው መተረክ አይቻልም።

በጥቅምት 1973 ዓ.ም. ኦርኬስትራው ሃያ ሁለት ሰው ይዞ ለሦስት ወር ያህል የወዳጅነት ትርኢት ለማሳየት ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ሄደ። ኅዳር 9 ቀን አያቴ ወ/ሮ ይመኙሻል በድንገተኛ ሕመም ዐረፉ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረ። ልጁ ባሕር ማዶ ነው፣ እንባውን የሚጠርግለት ዘመድ አጠገቡ የለም፣ አጉል ይሆናል፤ ስለዚህ ሲመለስ በወጉ መርዶ ይነገረው ተባለ። ለቡድኑ መሪ “እናቱ ዐርፈዋል፤ እንዳትነግሩት” የሚል ቴሌግራም ተላከ። የወሰኑት ጨካኞች አልነበሩም። እናቴም ከወሰኑት አንዷ ነበሩ። በዚያ ዘመን የትኛውም ቤተሰብ ያንኑ ያደርግ ነበር፤ ዛሬም ያደርጋል።

መሪው ነገሩን ለቡድኑ አባላት ሁሉ ተናገሩ። ከጋሼ በስተቀር ሃያ አንዱም ሰው አወቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሆነውን ጋሼ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነግረውኛል። ሶሎ፣ ለብቻ የሚነፋውን ክፍል፣ ለማንም የማይሰጡት አንጋፋው ሳክስፎን ተጫዋች በድንገት “ዛሬ አንተ ውሰደው” አሏቸው። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። በምግብ ሰዓት ከየሳህኑ ሥጋ ይነሣላቸው ጀመር። አንዲት ድምፃዊት ሳይጠየቁ የኮታቸውን ቁልፍ ተከሉላቸው። ሶሏቸውን በጨረሱ ቁጥር የሙያ ጓደኞቻቸው ከተመልካቹ በላይ አጨበጨቡ። የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነበሩ፣ ያውም ጭድ ውስጥ ብቻውን ሲነፋ ያደገ። በመጨረሻ ጥሩ ተጫዋች የሆኑና ሰውም የወደዳቸው መሰላቸው። ለእናታቸው ደብዳቤ ጻፉ፦ “እማዬ፣ እዚህ ሁሉም ወደደኝ። አነፋፌም ተሻሽሏል መሰለኝ።” ደብዳቤው ቤት የደረሰው ለአያቴ አርባ ዝግጅት ጌሾ ሲወቀጥ ነው። እናቴ አንብበው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ጥር 19 ቀን ተመለሱ። ከአየር ማረፊያ ወደ ቤታቸው ሳይሆን መሳለሚያ ወደሚኖሩት አጎታቸው ቤት ተወሰዱ። “እማዬስ?” ሲሉ “ጠበል ሄደዋል” ተባሉ። ሲመሽ ስለ ሶሎዎቻቸው አወሩ። ለእናታቸው የገዙትን ግራጫ የሱፍ ሻል ከሻንጣ አውጥተው ለሴቶቹ አሳዩ። ሴቶቹ እየዳሰሱ አደነቁ፤ አንዷ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ጎህ ሲቀድ የንስሐ አባታቸውና የሰፈር ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡና መርዶውን ነገሯቸው።

ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁት “መቼ?” ብለው ነው። ነገሯቸው። በጣታቸው ቆጠሩ። ሰባ አንድ ቀን ሆነ። ዘመድኩን ከለቀስተኞቹ መካከል ቆመው ነበር፤ ወደ እሳቸው ዞሩና “አንተም ታውቅ ነበር?” አሉ። “ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ” አሉ ዘመድኩን። “ሶሎዎቹስ?” አሏቸው ጋሼ። በዚያ ቤት ውስጥ ጋሼ ያለቀሱት ለእናታቸው ብቻ እንዳልነበረ የገባው ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ለአሥራ አንድ ዓመት ከዘመድኩን ጋር አልተነጋገሩም።

ከዚያ ወዲህ የሰው ምስጋና አያምኑም ነበር። አንድ ሰው “ግሩም ነው” ካላቸው ፊቱን አተኩረው ያዩታል፤ ምን እንደደበቃቸው የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። በዚያው ዓመት ኦርኬስትራውን ለቀው ወደ ጭድ ተራ፣ እናታቸው ወደ ኖሩበት ቤት ተመለሱ፤ ልምምዳቸውንም ወደ ሀጂ ሀያቱ መጋዘን መለሱ። ሀጂ አንድ ቀን “አንተ ልጅ፣ ሰው ፊት ንፋ እንጂ፤ ጭድ ምን ያደርግልሃል?” ቢሏቸው “ጭድ አያጨበጭብም ሀጂ፤ አያዝንልኝምም” ብለው መለሱ። ሰፈርተኛው ይህን አባባል ለቀልድ ይጠቀምበታል። ለእሳቸው ቀልድ አልነበረም።

በ1977 ዓ.ም. ከወ/ሮ ጤናዬ መንግሥቱ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ልጅ አልወለዱም። ከአምስት ዓመት በኋላ ያለ ጠብ ተለያዩ። ወ/ሮ ጤናዬ ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ቃላቸውም ይኸው ነው፦ “ደስ ይላል ባልኩት ቁጥር ‘ምን ሆነሻል?’ ይለኝ ነበር። ባሌን ማመስገን አቃተኝ። ዝም አልኩ፤ ዝምታውም ቤቱን ሞላው።” ወ/ሮ ጤናዬ ሌላ ትዳር አልመሠረቱም። ጋሼም እንደዚሁ።

በሥራ በኩል ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ያልተጫወቱበት ሆቴል፣ ያልተተኩበት ባንድ አልነበረም ማለት ይቻላል። የታመመ፣ የጠፋ፣ የተጣላ ሳክስፎን ተጫዋች ባለ ቁጥር “አገኘሁን ጥሩ” ይባላል። አልቶ ጎደለ ሲሉ አልቶ፣ ባሪቶን ጎደለ ሲሉ ባሪቶን ይዘው ይደርሳሉ። ኖታውን በቆሙበት አይተው እንደ ባለቤቱ ይጫወታሉ፤ ሲያበቁ መሣሪያቸውን ጠራርገው ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ይሄዳሉ። ቋሚ ቦታ ሲሰጧቸው “የሰው ወንበር ነው” እያሉ እንቢ ይሉ ነበር። ለዚህ ጽሑፍ ሽፋን ፎቶ ስንፈልግ የዘጠኝ ባንዶችን የቡድን ፎቶ አየን። በሁሉም ውስጥ ተጫውተዋል፤ በአንዱም ፎቶ የሉም።

በ1975 ዓ.ም. በአንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የነፋስ መሣሪያዎች መምህር ሆነው ተቀጥረው በ2006 ዓ.ም. በጡረታ እስከተሰናበቱ ድረስ ለሠላሳ አንድ ዓመት አስተማሩ። በእነዚህ ዓመታት ለማንም ተማሪ “ጎበዝ” ብለው አያውቁም። የሚሉት “ይኸ ሆኗል” ወይም “ይኸ አልሆነም” ብቻ ነው። ብዙ ተማሪ አልቅሶ ሌላ መምህር ጠይቋል። የጸኑት ግን ዛሬ በየመድረኩ የምትሰሟቸው ናቸው፤ “ሆኗል” ሲሏቸው በእርግጥ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ከጡረታ በኋላ የሀጂ ሀያቱ ልጅ አቶ ፉርቃን መጋዘኑን የስፖንጅ ፍራሽ ማከፋፈያ ቢያደርጉትም፣ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ጥጉን ለጋሼ ይሰጡ ነበር። ስፖንጅም ድምፅ ይበላል። በፍራሽ ክምር መሀል ቆመው ያስተማሯቸው ልጆች ከአርባ ይበልጣሉ። የመጨረሻውና የቅርቡ ተማሪያቸው የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ሁዛይፋ ነው።

እኔ ያደግኩት ከእሳቸው ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ተለያይቼ ነው። ግቢው ሐዘን ላይ ሲሆንና ጋሼም ወደ መጋዘኑ መሄድ ሳይመቻቸው ሲቀር፣ ሳይነፉ የሳክስፎኑን ቁልፎች በጣታቸው ብቻ ሲጫወቱ ይሰማኝ ነበር። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤ ትንፋሽ የለው፣ ዜማ የለው። ለእናታቸው የገዙትን ሻል በሳክስፎኑ አፍ ውስጥ ይወትፉት ነበር፤ ያለ ትንፋሽ ለሚጫወት ሰው መወተፉ ምን እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ አልገባኝም። በልጅነቴ በዚያ ድምፅ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው በዓለም ላይ እንደዚያ ብቸኛ የሆነ ድምፅ ያለ አይመስለኝም።

ኅዳር 1984 ዓ.ም. በአንድ ሆቴል የቅዳሜ ምሳ ዝግጅት ላይ የሰው ምትክ ሆነው ተጫወቱ። ሲጨርሱ ሰው አጨበጨበ። አንድ ሽበት ጣል ያደረገበት ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ መጣና ሳይጨብጣቸው፣ ሰላም ሳይላቸው፣ “ዛሬ ጥሩ አልነፋህም። ሁለተኛው ዜማ ላይ ቸኩለሃል” አላቸው። ዘመድኩን ነበሩ። ጋሼ ሳክስፎኑን ወንበር ላይ አስቀምጠው ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ልቅሶ ተለወጠ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያመኑት የመጀመሪያ ቃል ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ዘመድኩን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አነስተኛ ኪቦርዳቸውን በትከሻቸው አንግበው ጭድ ተራ ይመጡ ነበር። ሁለቱ ይጫወታሉ፤ ከዚያ ዘመድኩን ጉድለቱን አንድ በአንድ ይነግሯቸዋል። ሲሄዱ ጋሼ እስከ መሳለሚያ ይሸኟቸዋል፤ ታክሲ እስኪገኝ እዚያ ቆመው ይከራከራሉ። ጋሼ በሳምንት ውስጥ ብቻቸውን ያልነበሩት በዚያ ቀን ነው።

በ2010 ዓ.ም. ተማሪዎቻቸው የክብር ዝግጅት አዘጋጁላቸው። አዳራሹ ሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። ጋሼ ሕዝቡን አላዩም። ከፊት ወንበር የተቀመጡትን ዘመድኩንን ብቻ አዩ። ዘመድኩን ሳያጨበጭቡ ሁለት ጣታቸውን አነሡ፤ ሁለተኛው ላይ ቸኩለሃል ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ ጋሼ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። በእጃችሁ ባለው ጽሑፍ ሽፋን ላይ ያለው ፎቶ ያ ነው፤ ሲስቁ የተነሡት ሌላ ፎቶ አላገኘንም። የሳቁለት ሰው በፎቶው ውስጥ የለም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ መምህር አገኘሁ በሳንባ ሕመም ተያዙ። ሐኪሞች የጭዱ አቧራ ለዓመታት የሠራው ሳይሆን እንደማይቀር ተናግረዋል። ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሆስፒታል ገቡ። መንፋት ቀርቶ መናገር ያደክማቸው ነበር፤ ጣቶቻቸው ግን ብርድ ልብሱ ላይ ይጫወቱ ነበር። ዘመድኩን በሁለቱም ቅዳሜ መጥተው አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ጣቶቹን እያዩ ሰሙ። የካቲት 8 ቀን ሊሄዱ ሲነሡ “አራተኛው ጣትህ ዘግይቷል” አሏቸው። ጋሼ ቀኑን ሙሉ ፊታቸው በርቶ ዋለ።

የካቲት 14 ቀን፣ ዓርብ፣ አቶ ዘመድኩን ዓለሙ በድንገት ዐረፉ። ቅዳሜ ተቀበሩ። ከቀብር ስንመለስ እናቴ ቤት ተሰበሰብን። ሐኪሙ የጋሼ ትንፋሽ ድንገተኛ ሐዘን እንደማይችል ነግረውን ነበር። ይሻላቸውና በወጉ ይነገራቸው ተባለ። አርባ አራት ዓመት ወደኋላ ቢኬድ ያው ንግግር ነው። “አይሆንም፤ አንድ ጊዜ አድርገንባቸዋል” ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ታሪኩን በአፋቸው የነገሩኝ ለእኔ ነበርና። አላልኩም። የሚሞቱብኝ መሰለኝ፤ ፈራሁ።

በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩን ሲያዩ ቆይተው “ዘመድኩንስ?” አሉኝ። “ጉንፋን ይዟቸዋል” አልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠየቁኝ፤ “ታክሲ ጠፍቶ ነው፣ ደውለው ነበር” አልኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ “ጎንደር ሄደዋል” አልኩ። በእነዚያ ሳምንታት የሚጠይቃቸው ሰው ሁሉ ያውቅ ስለነበር ሁሉም ከወትሮው በላይ ደግ ሆነ። ብርቱካኑ ጠረጴዛ ሞላ። ነርሶቹ ትራሳቸውን ደጋግመው ያስተካክሉ ነበር። መጋቢት 6 ቀን፣ በአራተኛው ቅዳሜ፣ ሁዛይፋ መጣና እጃቸውን ይዞ “ጋሼ፣ እንደ እርስዎ የነፋ በዚህ አገር የለም” አላቸው። ልጁ ከልቡ ነበር። ጋሼ ግን ፊቱን አተኩረው አዩት፤ ከዚያ የእኔን አዩ። “ዘመድኩንስ?” አላሉም። ከዚያ ቀን በኋላም ጠይቀው አያውቁም። ረሷቸው ብዬ ተመስገን አልኩ።

መጋቢት 13 ቀን “የእማዬን ሻል አምጪልኝ” አሉኝ። አመጣሁላቸው፤ በትከሻቸው ላይ አደረጉትና አላወለቁትም። ብርዱ ነው ብዬ ብርድ ልብስ ጨመርኩ። በየጠዋቱ ሳይላጩ ሰው ፊት የማይቀርቡት ጋሼ፣ ነርሷ ልትላጫቸው ስትመጣ “ይቆይ” ይሏት ጀመር። ድካም ነው አልኩ። እሑድ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በተወለዱ በ70 ዓመት ከ11 ወራቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሊገንዟቸው የመጡት ሰዎች “ጺማቸው ይላጭ?” ብለው ጠየቁ። እናቴ ቀርበው ፊታቸውን አዩ፣ ሻሉንም አዩ። ሐዘንተኛ ጺሙን አይላጭም። “ተዉት፤ ሐዘን ላይ ነበር” አሉና ተቀመጡ። ጋሼ ማንም ሳይነግራቸው፣ ለማንም ሳይነግሩ፣ እኛን ላለማሳፈር ሲሉ ለጓደኛቸው ብቻቸውን ሐዘን ተቀምጠው ነበር።

ከመምህር አገኘሁ ፈንቴ በኋላ በሕይወት የቀረነው እህታቸው ወ/ሮ ሸዋርካብሽ ፈንቴ፣ እኔ የእህታቸው ልጅ አዲስዓለምና ልጄ ቢኒ፣ የቀድሞ ባለቤታቸው ወ/ሮ ጤናዬ መንግሥቱ፣ እንዲሁም ተማሪዎቻቸው ነን። በቃላቸው መሠረት ቴነር ሳክስፎናቸው ለሁዛይፋ ተሰጥቷል። ሻሉ ከእሳቸው ጋር ነው። ላስታመማችኋቸው የሕክምና ባለሙያዎች፣ ድንኳን ለጣላችሁ የጭድ ተራ ዕድርተኞች፣ ዛሬ ሱቁን ዘግተው ፍራሾቹን ለለቀስተኛ መቀመጫ ላወረዱት ለአቶ ፉርቃን፣ ከሩቅም ከቅርብም ለመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

ይህን ጽሑፍ ራሴ ላንብብ ብዬ የለመንኩት ለሚቀጥለው ቃል ነው። መርዶ የሚነገረው በወጉ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቆሞ ነው። ዘመድ ተሰብስቧል፤ እኔም ቆሜያለሁ።

ጋሼ፣ አቶ ዘመድኩን ዓለሙ የካቲት 14 ቀን ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቤታቸው፣ በወንበራቸው ላይ ሳሉ ዐርፈዋል። ልባቸው ነው፤ አልተሠቃዩም። የተቀበሩት እርስዎ በሩን ሲያዩ በዋሉበት ቅዳሜ ነው። ጉንፋን አልነበረም፤ ታክሲም አልጠፋም፤ ጎንደርም አልሄዱም። ኪቦርዳቸው ለማግስቱ መያዣው ውስጥ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሠላሳ ሰባት ቀን ደበቅንዎት። ጥሩ አላደረግንም። ሁዛይፋ ያለዎት ግን ከሐዘኔታ አልነበረም፤ ይኸ እውነት ነው። ሰባ አንዱን ቀን የሰጡዎት ሶሎም፣ ለምን እንደሰጡዎት ምንም ይሁን፣ የነፉት እርስዎ ነዎት። ይኸም እውነት ነው።

መርዶ የሰማ ሰው ያለቅሳል። እርስዎ አልቅሰው ጨርሰዋል፤ የቀረውን እኛ እናለቅሳለን።

ፈጣሪ ነፍስዎን ከወዳጅዎ ነፍስ አጠገብ፣ ሰው ከሰው ምንም በማይደብቅበት በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ ማረፊያ ያኑርልን። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ቅዳሜ ሲደርስ ብቻዎን አይሁኑ። አሜን።